ሕፃናትን የሚረዱ የድንገተኛ ሕክምና ሠራተኞችን ማሠልጠን፦ ከዝግጅት እስከ ፈረቃ

ይህ መመሪያ ለአሠልጣኞች ነው። የአምቡላንስ ሠራተኞችን፣ የመጀመሪያ ርዳታ ሰጪዎችን ወይም ድንገተኛ ክፍል የሚመደቡ ነርሶችን የምታሠለጥኑ ከሆነ ለእናንተ ተጽፏል። እንድጽፈው ያደረገኝ ደጋግሜ ያየሁት አንድ ነገር ነው። ሠልጣኙ የጽሑፍ ፈተናውን በጥሩ ውጤት ያልፋል። ሰርተፊኬቱን ይቀበላል። ከዚያ አንድ ቀን ዝልፍልፍ ያለ የ7 ወር ሕፃን ይመጣለትና እጁ አልታዘዝ ይለዋል።

ጥፋቱ ብዙውን ጊዜ የሠልጣኙ አይደለም። ለትልቅ ሰው የተዘጋጀ ሥልጠና ቁጥሩ ብቻ ተቀንሶ ለልጅ ይሰጣል። ግማሽ ቀን በስላይድ ያልቃል። የመለማመጃ አሻንጉሊቱ የሚወጣው ሰው ሁሉ ከደከመ በኋላ ነው።

ከመጀመሪያው አንድ ነገር ያዙ። የትልቅ ሰው ልብ ብዙ ጊዜ በራሱ በልቡ ሕመም ድንገት ይቆማል። የልጅ ልብ ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚቆመው ትንፋሹ ደክሞ ወይም ደም ዝውውሩ ተዳክሞ ኦክስጅን ሲያጣ ነው። ስለዚህ ከመቆሙ በፊት የምንሠራበት ጊዜ ብዙ ጊዜ ይኖራል። ሥልጠናው ያንን ጊዜ መጠቀም የሚችል ዓይንና እጅ ለማፍራት ነው። ከታች ያሉት ደረጃዎች በሙሉ የሚያገለግሉት ለዚሁ ነው። ትንፋሽ ላይ ረጅም ጊዜ የምንቆየውም ለዚህ ነው።

## ከመጀመራችሁ በፊት

ፕሮቶኮሉን አንብቡ። ሠልጣኞቹ የሚሠሩበት ተቋም የትኛውን መመሪያ እንደሚከተል አረጋግጡ። መመሪያዎች ይለያያሉ። ለምሳሌ ልቡ ለቆመ ልጅ የአውሮፓው መመሪያ በ5 ትንፋሽ ይጀምራል። የአሜሪካው ደረት በመጫን ይጀምራል። ሁለቱንም አደባልቃችሁ አታስተምሩ። አንዱን ይዛችሁ እስከ መጨረሻው ዝለቁ። በጭንቀት ሰዓት ሁለት ቅደም ተከተል የሚያውቅ ሰው ሁለቱንም ይረሳል።

ቁጥሩን ወስኑ። ለአንድ አሠልጣኝ ከ6 ሠልጣኝ አይብለጥ። ለአንድ አሻንጉሊት ከ3 ሰው አይብለጥ። ሰው ከበዛ ቀኑን ከፋፍሉት እንጂ አታጭቁ።

ዕቃውን አዘጋጁ።

- ደረቱ በትንፋሽ የሚነሣ የሕፃን አሻንጉሊት፣ እንዲሁም የልጅ አሻንጉሊት
- የሕፃንና የልጅ አምቡ ባግ (በእጅ እየተጨመቀ አየር ወደ ሳንባ የሚያስገባ ከረጢት)፣ በተለያየ መጠን ያሉ ማስኮች
- የአፍ ኤርዌይ (ምላስ የአየር መንገዱን እንዳይዘጋ አፍ ውስጥ የሚገባ ዕቃ) በሁሉም መጠን፣ ምላስ መጫኛ እንጨት
- ሳክሽን (ንፍጥና ፈሳሽ መምጠጫ)፣ የልጅ ፐልስ ኦክሲሜትር (በደም ውስጥ ያለውን ኦክስጅን የሚለካ)፣ የማሠልጠኛ ኤኢዲ (ለቆመ ልብ የኤሌክትሪክ ንዝረት የሚሰጥ መሣሪያ)
- በቁመት ክብደት የሚገመትበት ሜትር
- 1 ሚሊ ሊትር ስሪንጅ፣ ፎጣ፣ ብርድ ልብስ፣ ሰከንድ የሚቆጥር ሰዓት

አሻንጉሊቱን ከዋዜማው ፈትሹ። ይህን ሳላደርግ ገብቼ አንድ ሙሉ ጠዋት አበላሽቻለሁ። የአሻንጉሊቱ ሳንባ ተቀዶ ነበር። ሠልጣኞቹ ማስኩን በትክክል ይዘው ደረቱ አልነሣ ሲላቸው ጥፋቱ የእነሱ መሰላቸው። አንዷ በራሷ እጅ መተማመን ለመጀመር ሁለት ቀን ፈጀባት። እናንተ ራሳችሁ አሥር ጊዜ ነፍታችሁ ካላያችሁ አትጀምሩ።

ቪዲዮ ሰብስቡ። መተንፈስ የተቸገሩ ልጆችን የሚያሳዩ፣ ከ20 እስከ 30 ሰከንድ የሚረዝሙ ቪዲዮዎች ያስፈልጋሉ። ጤነኛ ልጆችንም ቀላቅሉ። ለሥልጠና እንዲውል ቤተሰብ ያልፈቀደውን ቪዲዮ አትጠቀሙ።

ጊዜውን ክፈሉ። ከአንድ ሙሉ ቀን ይልቅ አራት ግማሽ ቀን ይሻላል። ከጠቅላላው ጊዜ ስላይድ ከሩብ አይብለጥ።

## ደረጃ 1፦ ሳይነኩ ማየት

ልጅን ስትነኩት ያለቅሳል። ሲያለቅስ ትንፋሹም የልብ ምቱም ይለወጣል። ስለዚህ ዋናው መረጃ የሚገኘው ከመንካታችሁ በፊት ነው።

1. ሠልጣኙ በር ላይ ይቁም። እጁን ወደ ኋላ ያጣምር። ቀልድ አይምሰላችሁ፣ እጁ ካልታሰረ ወዲያው ይነካል።
2. 30 ሰከንድ ስጡት።
3. ሦስት ነገር ብቻ ይመልከት፦ ሁኔታውን፣ አተነፋፈሱን፣ የቆዳውን ቀለም።

ሁኔታው፦ ሰውነቱ ጠንከር ብሎ ይንቀሳቀሳል ወይስ ዝልፍልፍ ብሏል? ዓይኑ ሰው ይከተላል? እናቱ ስታባብለው ይባባላል? ለቅሶው ጠንካራ ነው ወይስ ደካማ? ለሠልጣኞች ደጋግማችሁ ንገሩ፦ የሚጮኸው ልጅ አየር እያስገባ ነው። ይበልጥ የሚያስፈራው ዝም ብሎ የተኛው፣ መርፌ ሲያይ እንኳ የማይቃወመው ነው።

አተነፋፈሱ፦ አፍንጫው ይርገበገባል? የጎድን አጥንቶቹ መሃል ወይም ከደረቱ ሥር ያለው ሥጋ ወደ ውስጥ ይሰረጉዳል? ጭንቅላቱ ከትንፋሹ ጋር ይነቀነቃል? በየትንፋሹ ያቃስታል? አየር ሲስብ ሸካራ ድምፅ፣ ሲያስወጣ ፉጨት ይሰማል? ልብስ ከለበሰ ደረቱን እናቱ ትግለጥለት።

ቀለሙ፦ ገርጥቷል? ዥጉርጉር ሆኗል? ሰማያዊ መስሏል? ጠቆር ባለ ቆዳ ላይ ይህ ቶሎ አይታይም። ከንፈሩን ከውስጥ፣ ምላሱን፣ የጥፍሩን ሥርና መዳፉን እንዲያዩ አስተምሩ።

ከዚያ አንድ ጥያቄ ብቻ ይመልስ፦ «አሁኑኑ እርምጃ ይፈልጋል ወይስ ጊዜ አለኝ?» የበሽታውን ስም አትጠይቁት።

ልምምዱ፦ 20 ቪዲዮ አሳዩ። ሁሉም ሰው መልሱን ወረቀት ላይ ይጻፍ፣ ከዚያ ይናገር። አስቀድመው ከተናገሩ ሁሉም ደፋሩን ተከትለው ይሄዳሉ፣ ማን እንዳላየም አታውቁም።

ከተበላሸ፦ ሠልጣኙ «ልጁ ተረጋግቷል» ብሎ ዝልፍልፍ ያለውን ካሳለፈ፣ ያንኑ ቪዲዮ ያለ ድምፅ መልሳችሁ አሳዩትና ደረቱን ብቻ እንዲያይ ንገሩት። ከዚያ ደረቱን በወረቀት ሸፍናችሁ ፊቱን ብቻ አሳዩት።

## ደረጃ 2፦ መቁጠርና ቁጥሩን ማመን

ትንፋሽ የሚቆጠረው ሙሉ 60 ሰከንድ ነው። ጨቅላ ሕፃን ትንፋሹ ወጣ ገባ ይላል። አሥራ አምስት ሰከንድ ቆጥሮ በአራት ማባዛት ያሳስታል።

የዓለም ጤና ድርጅት ፈጣን ትንፋሽ የሚላቸው ልኮች እነዚህ ናቸው፦

- ከ2 ወር በታች፦ በደቂቃ 60 እና ከዚያ በላይ
- ከ2 ወር እስከ 12 ወር፦ 50 እና ከዚያ በላይ
- ከ1 ዓመት እስከ 5 ዓመት፦ 40 እና ከዚያ በላይ

አንድ ማስጠንቀቂያ ግን አለ፣ በትልቁ ጻፉት። በደቂቃ 70 ሲተነፍስ የነበረ ሕፃን 30 ላይ ከወረደና አብሮ ከፈዘዘ አልተሻለውም፣ ደክሟል። በዚህ ሰዓት ነው አምቡ ባግ የሚነሣው። ይህን ነጥብ ያላገኘ ሠልጣኝ ሌላውን ሁሉ ቢያውቅም አታሳልፉት።

የደም ግፊትም እንዲሁ ያታልላል። ልጆች ደም ወይም ፈሳሽ ሲያጡ ልባቸውን አፍጥነው፣ ደም ሥራቸውን አጥብበው ግፊቱን ለረጅም ጊዜ ይይዙታል። ከወረደ ዘግይቷል። ከ1 እስከ 10 ዓመት ላለ ልጅ የላይኛው ግፊት ዝቅተኛ ወሰን 70 ሲደመር ዕድሜው ሲባዛ በ2 ነው። ለ4 ዓመት ልጅ 78 ማለት ነው። ከ1 ወር እስከ 1 ዓመት ላለ ሕፃን 70 ነው።

ስለዚህ ከግፊት በፊት ሌላ ይፈተሽ። የመሃል ደረቱን ቆዳ ለ5 ሰከንድ ተጫኑና ልቀቁ። ቀለሙ ለመመለስ ከ3 ሰከንድ በላይ ከፈጀ፣ እግሩም ከቀዘቀዘና የልብ ምቱ ከፈጠነ፣ ግፊቱ ደህና ቢሆንም ልጁ ደህና አይደለም። ሕፃን በኪሎ 80 ሚሊ ሊትር ያህል ደም ነው ያለው። 5 ኪሎ ለሚመዝን ሕፃን ጠቅላላ ደሙ 400 ሚሊ ሊትር ነው። ይህን ውኃ በጠርሙስ ሞልታችሁ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጡት። ከዚያ በኋላ ትንሽ ደም መፍሰስን ማንም አይንቅም።

## ደረጃ 3፦ የአየር መንገዱን መክፈት

የሕፃን ጭንቅላት ከኋላ በኩል ትልቅ ነው። ጠፍጣፋ ነገር ላይ ሲተኛ አገጩ ወደ ደረቱ ይታጠፍና የአየር መንገዱ ይጠባል።

1. ፎጣ አጥፋችሁ ከትከሻው ሥር አስገቡ፣ ከጭንቅላቱ ሥር አይደለም።
2. ፊቱ ቀጥ ብሎ ወደ ጣሪያ ይይ።
3. ከጎን ሆናችሁ እዩ። የጆሮው ቀዳዳና የትከሻው ፊት በአንድ መስመር ላይ ይሁኑ።
4. ጉዳት ደርሶበት አንገቱ ከተጠረጠረ ጭንቅላቱን አታዘንብሉ። መንጋጋውን ብቻ ወደ ፊት ግፉ።

ብዙ ሰው እንደ ትልቅ ሰው አንገቱን ወደ ኋላ ይለጥጠዋል። ለሕፃን ያ ራሱ የአየር መንገዱን ይዘጋዋል። ከ1 ዓመት በላይ ላለ ልጅ ትንሽ ወደ ኋላ ማዘንበል ይቻላል።

በመጀመሪያዎቹ ወራት ሕፃናት በአብዛኛው የሚተነፍሱት በአፍንጫ ነው። ንፍጥ የዘጋው አፍንጫ ብቻውን ሊያስጨንቃቸው ይችላል። በሳክሽን አጽዱ፣ በአንድ ጊዜ ግን ከ10 ሰከንድ በላይ አትቆዩ።

የአፍ ኤርዌይ ራሱን ለሳተና ለማያቅለሸልሸው ልጅ ብቻ ነው። ከአፉ ጥግ እስከ መንጋጋው ማዕዘን ለኩ። ለትልቅ ሰው እንደምናደርገው ገልብጣችሁ አታዙሩት፣ ላንቃውን ያቆስላል። ምላሱን በእንጨት ተጫኑና በቀጥታ አስገቡ።

## ደረጃ 4፦ አምቡ ባግ

ከጠቅላላው ሥልጠና ትልቁን ጊዜ ለዚህ ስጡ። ሌላ ነገር መቀነስ ካለባችሁ ከሌላው ቀንሱ። በትክክል የተያዘ አምቡ ባግ ብዙ ልጆችን ልባቸው ሳይቆም ያቆያል።

4.1 ማስክ ምረጡ። ከአፍንጫው አናት እስከ አገጩ ስንጥቅ ይሸፍን። ዓይን ላይ አይውጣ፣ ከአገጭ አይለፍ።

4.2 ባግ ምረጡ። ለሕፃንና ለትንሽ ልጅ ቢያንስ ከ450 እስከ 500 ሚሊ ሊትር የሚይዝ። የትልቅ ሰው ባግ ብቻ ካለ ተጠቀሙበት፣ ግን ደረቱ መነሣት ሲጀምር አቁሙ።

4.3 ያዙ። አውራ ጣትና ጠቋሚ ጣት ማስኩ ላይ ግማሽ ክብ ይሥሩ። የቀሩት ጣቶች መንጋጋው አጥንት ላይ ይረፉ። ከአገጭ ሥር ያለውን ለስላሳ ሥጋ አትጫኑ፣ ምላሱን ወደ ላይ ገፍቶ ይዘጋዋል። ለትንሽ ሕፃን አንድ ጣት አጥንቱ ላይ ይበቃል። ማስኩን ፊቱ ላይ አትጫኑት፣ መንጋጋውን ወደ ማስኩ አንሡ። ሠልጣኙ ይህን በጆሮው ሰምቶ አይገባውም። እጃችሁን እጁ ላይ አድርጋችሁ አሳዩት።

4.4 ሁለት ሁኑ። ሁለተኛ ሰው ካለ አንዱ በሁለት እጁ ማስኩን ይያዝ፣ ሌላው ይጭመቅ። እኔ ይህን መጀመሪያ አስተምራለሁ፣ የአንድ ሰው አያያዝ ከዚያ ይከተላል። ብዙ ሥልጠና ላይ ተገላቢጦሽ ነው። ሠልጣኙም ሁለት ሰው መጥራትን እንደ ሽንፈት ያየዋል።

4.5 ምት ጠብቁ። ልቡ እየመታ ለማይተነፍስ ልጅ በየ2 እስከ 3 ሰከንዱ አንድ ትንፋሽ፣ በደቂቃ ከ20 እስከ 30። «ጭመቅ፣ ልቀቅ፣ ልቀቅ» እያለ ጮክ ብሎ ይቁጠር። ጭምቂያው 1 ሰከንድ ይፍጅ።

4.6 ደረቱን እዩ። ደረቱ ቀስ ብሎ ከፍ ካለ በቃ። ከዚያ በላይ የገባው አየር ወደ ሆድ ይሄዳል። ሆዱ ሲነፋ ሳንባውን ይገፋል፣ ትውከትም ያመጣል።

### ደረቱ ካልተነሣ

በዚህ ቅደም ተከተል፣ ሳትዘሉ፦

1. ማስኩን አንሥታችሁ እንደገና አስቀምጡ።
2. ጭንቅላቱን አስተካክሉ፣ ፎጣውን እዩ።
3. አፉን ከፍታችሁ እዩ፣ ሳክሽን አድርጉ።
4. የአፍ ኤርዌይ አስገቡ።
5. ወደ ሁለት ሰው አያያዝ ተሻገሩ።
6. አሁንም ካልሆነ የተቀረቀረ ነገር ጠርጥሩ።

ልምምዱ፦ ሠልጣኙ እየነፋ ሳለ እናንተ በዝምታ አንድ ነገር አበላሹ። ፎጣውን አውጡ፣ ትልቅ ማስክ ቀይሩበት፣ አፉ ውስጥ ጨርቅ ክተቱ። በ15 ሰከንድ ውስጥ ያግኘው። ይህ ልምምድ ከአሥር ስላይድ ይበልጣል።

ማለፊያው፦ 2 ደቂቃ ሳያቋርጥ፣ ከ40 እስከ 60 ትንፋሽ፣ ደረቱ በእያንዳንዱ እየተነሣ። ሲደነግጡ ሁሉም በጣም ያፈጥናሉ። ስልክ ላይ ሜትሮኖም (እኩል ምት የሚያሰማ) ክፈቱላቸው፣ ሲለምዱ አጥፉት፣ ከዚያ ሰው እየጮኸባቸው ያድርጉት።

## ደረጃ 5፦ ደረት መጫን

የልብ ምት ከ10 ሰከንድ በላይ አይፈለግ። ከ1 ዓመት በታች የላይኛው ክንድ ውስጠኛ ጎን፣ ከዚያ በላይ አንገት ወይም ብሽሽት። ምት ከሌለ ወይም እርግጠኛ ካልሆናችሁ ጀምሩ። ምቱ ኖሮ በደቂቃ ከ60 በታች ከሆነና በደንብ እየነፋችሁለትም ገርጥቶ ከቀጠለ፣ ያኔም ጀምሩ። «ምት አለው እኮ» ብሎ የሚቆም ሠልጣኝ ብዙ ነው። እዚህ ላይ ጠንክሩ።

- ፍጥነት፦ በደቂቃ ከ100 እስከ 120
- ጥልቀት፦ የደረቱን ውፍረት ሲሶ። ለሕፃን 4፣ ለልጅ 5 ሴንቲ ሜትር ያህል
- ቦታ፦ የመሃል ደረት አጥንት የታችኛው ግማሽ
- ምጣኔ፦ ብቻችሁን ከሆናችሁ 30 ለ2፣ ሁለት ከሆናችሁ 15 ለ2
- ልቀቃ፦ ከእያንዳንዱ ጫና በኋላ ደረቱ ሙሉ በሙሉ ይመለስ

ለሕፃን ደረቱን በሁለት እጅ አቅፋችሁ በሁለት አውራ ጣት ጫኑ። ይህ ካልተመቸ በአንድ እጅ የመዳፍ ሥር። ለብዙ ዓመት ስናስተምር የነበረውን የሁለት ጣት አያያዝ የአሜሪካ የልብ ማኅበር በ2025 መመሪያው ትቶታል፣ በቂ ጥልቀት ስለማይሰጥ ነው። ነባር ሠልጣኞች እጃቸው ሳያውቁት ወደ ሁለት ጣት ይመለሳል። በየልምምዱ አርሟቸው።

በየ2 ደቂቃው ሰው ይቀያየር። ለትንፋሽ ሲባል ጫናው ከ10 ሰከንድ በላይ አይቋረጥ። ኤኢዲ ሲመጣ ወዲያው ይለጠፍ። ከ8 ዓመት በታች የልጅ ፓድ (ሰውነት ላይ የሚለጠፈው የኤኢዲ ክፍል) ይመረጣል። ከሌለ የትልቅ ሰው ይሆናል፣ ሁለቱ ፓዶች እንዳይነካኩ ግን አንዱ ደረት ላይ አንዱ ጀርባ ላይ።

## ደረጃ 6፦ የታነቀ ልጅ

በኃይል የሚያስል ልጅን አትንኩት፣ እንዲያስል አበረታቱት። ድምፁ ከጠፋ ወይም ሳሉ ከደከመ ግን፦

- ከ1 ዓመት በታች፦ ጭንቅላቱን ዝቅ አድርጋችሁ ክንዳችሁ ላይ በደረቱ አስተኙት። በትከሻ አጥንቶቹ መሃል 5 ጊዜ ምቱ። ገልብጡት፣ ደረቱን በመዳፍ ሥር 5 ጊዜ ጫኑ። ደጋግሙ። ሆዱን በጭራሽ አትግፉ፣ ጉበቱ ይጎዳል።
- ከ1 ዓመት በላይ፦ 5 ጊዜ ጀርባውን ምቱ፣ 5 ጊዜ ከኋላ አቅፋችሁ ሆዱን ወደ ውስጥና ወደ ላይ ግፉ።

ራሱን ከሳተ ወደ ደረት መጫን እለፉ። ትንፋሽ ልትሰጡ ስትሉ ሁሉ አፉን እዩ። የምታዩትን አውጡ። በጭፍን ጣት አትስደዱ፣ የተቀረቀረውን ይበልጥ ትገፉታላችሁ።

## ደረጃ 7፦ ክብደትና መድኃኒት

እዚህ ላይ የሚገድለው ስሕተት አንድ ነጥብ ነው። 0.15 እና 1.5 መካከል አሥር እጥፍ አለ።

1. ክብደቱን ወላጁን ጠይቁ። ካላወቁ በቁመት ሜትር ለኩ። ሜትር ከሌለ ከ1 እስከ 10 ዓመት ላለ ልጅ ዕድሜው ላይ 4 ደምሩና በ2 አባዙ። የ3 ዓመት ልጅ 14 ኪሎ ይገመታል።
2. በጭንቅላት አታሥሉ። የተዘጋጀ ሰንጠረዥ ይኑር።
3. መጠኑን በሚሊ ግራምም በሚሊ ሊትርም ጮክ ብላችሁ ንገሩ። ሁለተኛው ሰው ደግሞ ይመልስ።
4. ለትንሽ መጠን በ1 ሚሊ ሊትር ስሪንጅ ሳቡ።

የልምምድ ጥያቄ፦ ከባድ አለርጂ የያዘው 15 ኪሎ ልጅ። አድሬናሊን በጭን ጡንቻ፣ በኪሎ 0.01 ሚሊ ግራም። ብልቃጡ በሚሊ ሊትር 1 ሚሊ ግራም። መልሱ 0.15 ሚሊ ግራም፣ ማለትም 0.15 ሚሊ ሊትር። ውኃ አስቀድታችሁ ስሪንጁን በዓይናችሁ አንብቡ። ወረቀት ላይ ትክክል ጽፎ ስሪንጅ ላይ የሚሳሳት አለ።

የሚንቀጠቀጥ ልጅ በጎኑ ይተኛ። አፉ ውስጥ ምንም አይግባ። ሰዓት ይያዝ፣ 5 ደቂቃ ካለፈ የማስቆሚያ መድኃኒት በፕሮቶኮሉ መሠረት ይሰጥ። ለፈዘዘ ወይም ራሱን ለሳተ ልጅ ሁሉ የደም ስኳር ይለካ። ይህ በጣም ይረሳል።

## ደረጃ 8፦ ወላጁን ይዞ መሥራት

ሠልጣኙ ከልጁ ዓይን እኩል ይንበርከክ። ሕፃንና ትንሽ ልጅ ከእናቱ ወይም ከአባቱ እቅፍ ሳይወጣ ይመርመር። ከእግር ጀምራችሁ ወደ ጭንቅላት ውጡ። የሚያሳምመውን መጨረሻ አድርጉት። ሊያመው ሲል «አያምም» አትበሉት፤ «ትንሽ ያምሃል፣ ቶሎ ያልፋል» በሉት። አንዴ ከዋሻችሁት ቀጥሎ የምትሉትን አይሰማም።

ወላጅን ከክፍል አታስወጡ፣ ሥራ ስጡ። «እናቱ፣ እቅፍሽ ውስጥ እንዳለ ይሁን። ይህን ኦክስጅን አፍንጫው አጠገብ ያዥለት።» እጇ ሥራ ሲይዝ እሷም ትረጋጋለች፣ ልጁም።

ሲተነፍስ ሸካራ ድምፅ የሚያሰማ፣ ምራቁ የሚዝረበረብ፣ ወደ ፊት አጎንብሶ የተቀመጠ ልጅ ካለ ጉሮሮውን ለማየት አትሞክሩ። አታስተኙት፣ አታስለቅሱት። በመረጠው አቀማመጥ ይጓዝ። ሁልጊዜ ግን በቀበቶ ወይም በልጅ መቀመጫ ታስሮ እንጂ በእናቱ እቅፍ አይደለም። እቅፍ ለምርመራ ነው።

ታሪኩና ጉዳቱ ካልተጣጣመ፣ ወይም ገና መዳህ ያልጀመረ ሕፃን ላይ የበለዘ ምልክት ከታየ፣ ማንንም አትክሰሱ። የተባለውን ቃል በቃል ጻፉ፣ ያያችሁትን ጻፉ፣ በሕጉ መሠረት አሳውቁ።

## ደረጃ 9፦ ሙሉ ልምምድ

አሁን ሁሉንም አገናኙ። ልምምዱ 10 ደቂቃ፣ ውይይቱ 20 ደቂቃ ይሁን። አንዱ መሪ፣ ሌላው አየር መንገድ፣ ሌላው ደረት፣ አንድ ሰው ወላጅ ይሁን። የለቅሶ ድምፅ ክፈቱ።

ምሳሌ፦ የ5 ወር ሕፃን፣ ለ3 ቀን ጉንፋን፣ ዛሬ አልጠባም። መጀመሪያ በደቂቃ 68 ይተነፍሳል፣ ያቃስታል። ሠልጣኞቹ አፍንጫውን ካጸዱና ኦክስጅን ከሰጡ በዚያው ይቆያል። ካልሰጡ በ2ኛው ደቂቃ ትንፋሹ 24 ይሆናል፣ ይፈዛል። አምቡ ባግ ከዘገየ የልብ ምቱ 50 ይሆናል፣ ደረት መጫን ያስፈልጋል። በትክክል ከነፉለት ደግሞ ምቱ ይመለሳል።

ያልፈተሹትን ቁጥር አትንገሯቸው። «ትንፋሹ ስንት ነው?» ካሉ «ቁጠሩ» በሏቸው።

በውይይቱ ላይ «ተሳስተሃል» በማለት አትጀምሩ። «ያኔ ምን አየህ? ምን አሰብክ?» ብላችሁ ጠይቁ። ስሕተቱ ከዓይን ነው፣ ከእውቀት ነው ወይስ ከእጅ? መድኃኒቱ በዚያ ይለያያል። ዓይን ከሆነ ወደ ደረጃ 1፣ እጅ ከሆነ ወደ ደረጃ 4 መልሱት። ከዚያ ያንኑ ልምምድ ወዲያው ይድገመው፣ በስሕተቱ ላይ አይደር።

ልምምዱ ላይ የሚያለቅስ ሰው ይኖራል። ብዙ ሠልጣኞች ወላጆች ናቸው፣ ልጅ ያጡም አሉ። አቁሙ፣ ይውጣና አየር ይውሰድ፣ አንድ ሰው አብሮት ይሁን። በዚያ ቀን አትፈትኑት።

## ደረጃ 10፦ ከሥልጠናው በኋላ

የእጅ ችሎታ በጥቂት ወራት ውስጥ ይደበዝዛል። የሁለት ዓመት ሰርተፊኬት ይህን አይከላከልም። በየወሩ ፈረቃ ሲጀመር 10 ደቂቃ ያዙ። አንድ ወር አምቡ ባግ፣ ቀጣዩ ደረት መጫን፣ ሦስተኛው ስሪንጅ። ውጤቱን በስም መዝግቡ።

የልጅ ቦርሳውም በዚያው 10 ደቂቃ ውስጥ ይከፈት። ትንሹ ማስክ አለ? ጠርዙ ልል ነው ወይስ ጠንከር ብሏል? ባጉን ጭመቁ፣ በመዳፋችሁ ዝጉት፣ አየር ያፈሳል? የልጅ ኦክሲሜትሩ ባትሪ አለው? የጎደለ ካለ ፈረቃውን ከመረከባችሁ በፊት ይሟላ፣ መኪናው ከመነሣቱ በፊት።